ለአረጋውያን ወላጆች መድኃኒት ስለ መላክና ስለ ማስታመም

በዚህ በቤተ ሰብ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ቤት ንጽሕና ነው። ዛሬ ግን ስለ አሳደጉን ወላጆቻችን ልንናገር ወደድን። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር በሥራ ላይ ካሉት ሹማምንትና የመንግሥት ሠራተኞች መካከል፥ አባቱ ወይም እናቱ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና ወይም በሞጣ አገር የቀሩበት ሰው ጥቂት አይደለም። ከእነዚህም አንዳንዶቹ እናታቸው ነገር መርሳት እንደ ጀመሩ በሰሙ ጊዜ፥ ከከተማ መድኃኒት ቤት መድኃኒት ገዝተው በአውቶቡስ ሾፌር ወይም በሚሄድ ዘመድ እጅ ይልካሉ። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጥ፥ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፥ ከተሰጠም በኋላ ምን እንደሚጠበቅ ተጽፎ ካልተላከ፥ ለጤና የተባለው ነገር ጕዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ነገር የምናውቀውን ባጭሩ እንጽፋለን።

በአገራችን አንድ ሽማግሌ ነገር ሲደጋግም፥ የልጁን ስም ሲዘነጋ፥ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ሲጠፋው፥ «ጃጀ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ይህ ግን የዕድሜ ብቻ ነገር አይደለም፤ የአእምሮ ደዌ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. አሎይስ አልዛይመር የተባለ የጀርመን ሐኪም በቱቢንገን ከተማ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ፥ ገና በ51 ዓመቷ የማስታወስ ኀይሏን አጥታ ወደ ፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ቤት ስለ ገባች አንዲት ሴት ተናገረ። ከሞተችም በኋላ በአንጐሏ ውስጥ ያየውን ለውጥ አስረዳ። ደዌው ዛሬ በስሙ ይጠራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመርሳት ደዌ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከመቶ ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። እንግዲህ ይህ የሀብታም አገር በሽታ ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው።

መድኃኒት ከመግዛት በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። የሚረሳ ሽማግሌ ሁሉ አልዛይመር አለበት ማለት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፥ ቢ12 የተባለው ቪታሚን ማነስ፥ የቆየ ቂጥኝ፥ ኤችአይቪ፥ ብዙ መጠጥ፥ ጽኑ ኀዘን፥ ወድቆ ራስን በመመታት በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም፥ እነዚህ ሁሉ አእምሮን ያደበዝዛሉ። ከእነዚህም በጊዜ ቢደረስባቸው የሚድኑ፥ ወይም ባሉበት የሚገቱ አሉ። በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ የሚበልጥ ምርመራ ቢያስፈልግ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት፥ ከዚያም በላይ ወደ አዲስ አበባ አማኑኤል ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ልጅ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው እናቱን ለሐኪም ማሳየት ነው፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሐኪም መርምሮ ደዌው አልዛይመር ነው ካለ በኋላ፥ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች አራት ያህል ናቸው፤ ዶኔፔዚል፥ ሪቫስቲግሚን፥ ጋላንታሚንና ሜማንቲን ይባላሉ። የሦስቱ የመጀመሪያዎቹ አሠራር እንዲህ ነው። በአንጐል ውስጥ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው ቃል የሚያደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ አለ። በዚህ ደዌ መልእክተኛው ያንሳል። መድኃኒቶቹ መልእክተኛውን የሚያፈርሰውን ነገር ስለሚያግዱ፥ ያለው ጥቂቱ መልእክተኛ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሠራ ያደርጋሉ። ሜማንቲን ግን በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ግሉታሜት የሚባለው ሌላ መልእክተኛ ከልክ በላይ ሆኖ ሕዋሳቱን እንዳያውክ ይከላከላል፤ የሚታዘዘውም በብዛት ደዌው ሲገፋ ነው። ነገር ግን አንባቢ እንዳይሳሳት እንለምናለን፤ ከእነዚህ አንዱም ደዌውን አይነቅልም። ለአንዳንዱ ሰው ድካሙን ለጥቂት ወራት፥ ሲሆንም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ባለበት ያቆይለታል፤ ለአንዳንዱም የሚታይ ጥቅም አይሰጥም። በ2023 እና በ2024 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በአሜሪካ የተፈቀዱ ሌካኔማብና ዶናኔማብ የተባሉ አዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ እነርሱ ግን በደም ሥር የሚሰጡና አንጐልን በየጊዜው በመሣሪያ ማየትን የሚጠይቁ ናቸው፤ በአንጐል እብጠትና መድማትም ሊያመጡ ስለሚችሉ በቤት የሚያስታምም ሰው የሚይዛቸው አይደሉም።

አሁን ወደ አሰጣጡ እንምጣ። እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ በጥቂቱ ተጀምረው ቀስ በቀስ ከፍ የሚሉ ናቸው። ዶኔፔዚል በቀን አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ግራም ተብሎ በማታ ይጀመራል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ሐኪሙ ከፈቀደ 10 ይሆናል። ሪቫስቲግሚን የሚዋጠው 1.5 ሚሊ ግራም ጧትና ማታ ከምግብ ጋራ ይጀመራል፤ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ በሐኪም ትእዛዝ ይጨመራል። ሜማንቲን በቀን ከ5 ሚሊ ግራም ተነሥቶ በየሳምንቱ በ5 እየጨመረ እስከ 20 ይደርሳል፤ ኵላሊታቸው ለደከመ ግን ሐኪሙ ይቀንሰዋል። ልጅ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲሠራ ብሎ መጠኑን ከፍ አድርጎ ቢያስጀምር፥ የሚያተርፈው ትውከትና ድካም ነው።

የምታስታምመው ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ፊደል ያልቈጠረች ብትሆን፥ ስለዚህ መተው አይገባም። በጧቱ እሽግ ላይ ፀሐይ፥ በማታው ላይ ጨረቃ መሣል ይበቃል። ወሩንም በዓላት ያስቈጥሩታል፤ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል 30 ቀን መሆኑን በጎጃም የማያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ «በጥቅምት ሚካኤል የተጀመረው አንዱ ፍሬ እስከ ኅዳር ሚካኤል እንዳለ ይቈይ፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ያያቸዋል» ቢባል፥ ከረጅም ጽሑፍ ይልቅ ይያዛል። መድኃኒቱ በተሰጠ ቍጥር በግድግዳ ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ይደረግ። የሚሰጠውም ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰው ሲሰጥ ሁለት ጊዜ ይሰጣልና። በሽተኛው ራሱ ሣጥኑን እንዲይዝ መተው አይገባም፤ መዋጡን ረስቶ ደግሞ ይውጣልና። ሣጥኑ ተቈልፎ ከሕፃናትም ይራቅ።

አንድ ቀን የተረሳ እንደ ሆነ በማግሥቱ እጥፍ አድርጎ መስጠት ክልክል ነው፤ የተለመደው ብቻ ይሰጣል። ሪቫስቲግሚን ከ3 ቀን በላይ የተቋረጠ እንደ ሆነ ግን፥ በነበረበት መጠን መቀጠል ብርቱ ትውከት ስለሚያመጣ፥ ሐኪም ተጠይቆ እንደ ገና ከትንሹ ይጀመራል። ይህ መድኃኒት በቈዳ ላይ የሚለጠፍም አለው። በእርሱ የሚደርሰው ዋናው አደጋ አሮጌው ሳይነሣ አዲሱ መለጠፉ ነው፤ ሁለትና ሦስት ተደርቦ ሰው የሞተበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በየ24 ሰዓቱ አስቀድሞ የትናንቱ ይነሣ፤ ታጥፎም ይጣል፤ ከዚያ አዲሱ በሌላ ስፍራ፥ በንጹሕና በደረቅ ቈዳ ላይ ይለጠፍ። የተለጠፈበትም ሰው ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲሞቅ ወይም ምድጃ ሥር ሲቀመጥ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ሊገባ ስለሚችል መጠንቀቅ ነው።

አስታማሚ በየቀኑ የምትመለከተው ምንድር ነው? በመጀመሪያ ሆድ ነው፤ ማቅለሽለሽ፥ ትውከት፥ ተቅማጥና የምግብ መጥላት የተለመዱ ናቸው። የእናታችን መቀነት ሲረዝምና ቀሚሳቸው ሲሰፋ ክብደት መቀነሱን እናውቃለን፤ በየወሩ በጤና ጣቢያ ማስመዘን መልካም ነው። ሁለተኛ የልብ ምት ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች፥ ከሜማንቲን በቀር፥ ልብን ያዘገያሉ። የእጅን ሥር ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቍጠር ማንም የሚማረው ነገር ነው፤ ከ50 በታች የሆነ እንደ ሆነ፥ ወይም በሽተኛው ራሱን ስቶ የወደቀ እንደ ሆነ፥ ቀጣዩ መድኃኒት ሳይሰጥ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ለደም ብዛት የሚሰጡት አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎልም ልብን የሚያዘገዩ ስለ ሆኑ፥ ሐኪሙ የሚዋጠውን ሁሉ ማወቅ አለበት። ሦስተኛ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ እንደ ሆነ የጨጓራ መድማት ሊሆን ይችላል፤ ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ሽማግሌዎች በዚህ ይበልጥ ይጐዳሉ። አራተኛ እንቅልፍ ነው፤ ዶኔፔዚል በማታ ሲዋጥ የሚያስፈራ ሕልም የሚያሳየው ሰው አለ፤ ሐኪም ቢፈቅድ ወደ ጧት ይዛወራል። ሜማንቲንም ማዞርና የሆድ ድርቀት ሊያመጣ ይችላል። አስምና የጨጓራ ቍስል ያለባቸው ሰዎች ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው ይናገሩ፤ ለቀዶ ሕክምናም የሚገባ ሰው መድኃኒቱን ለሚያደነዝዘው ባለሙያ ሳይነግር አይግባ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር አንባቢ አጥብቆ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። በአገራችን በየአጥሩ ሥር የሚበቅል አስተናግር የሚባል ተክል አለ፤ ፍሬውን በፍም ላይ አድርገው ጢሱን ለጥርስ ሕመም የሚታጠኑት ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚህ ተክል ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ሥራቸውም ያንኑ የተናገርነውን መልእክተኛ ከደጅ መመለስ ነው። እንግዲህ ልጅ ከአዲስ አበባ በብዙ ብር የላከው መድኃኒት መልእክተኛውን ሲያበዛ፥ ጎረቤት ያመጣው ጢስ በሩን ይዘጋበታል፤ ጤነኛውን እንኳ የሚያስቃዠው ተክል የደከመውን አእምሮ ፈጽሞ ያናውጠዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሆኑት ክሎርፌኒራሚን፥ ዲፌንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን፥ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን የሚባለው በዚሁ መንገድ ስለሚሠሩ ይህ ደዌ ላለበት ሰው አይስማሙም። አረቄም እንዲሁ ነው፤ በማኅበር ቀን «ትንሽ ይቅመሱ» የሚለው ደግነት ማታ መውደቅን ያስከትላል።

ጾምን በሚመለከት፥ አጥብቀው የጾሙ እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መድኃኒት ሲውጡ ሆዳቸው ይታወካል። ቤተ ክርስቲያን ድውይን በጾም አታስገድድም፤ ነገር ግን እናት የልጃቸውን ቃል አይሰሙም፤ የነፍስ አባታቸውን ግን ይሰማሉ። ስለዚህ ልጅ አስቀድሞ ለነፍስ አባት ነገሩን ያስረዳ፤ ፈቃዱም ከእርሳቸው አፍ ይሰማ። ስለ ጸበልም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ፥ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስታውቀው ነበር፤ ለዚህም ደዌ ምክሩ ያው ነው። ጸበል የሚወሰድ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ከሚያስታውከውም ጸበል ጋራ በአንድ ሰዓት አይዋጥ፤ ደካማ ሽማግሌም በጮቄ ብርድ በጧት ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይመታ ይታሰብለት።

ቤቱም እንደ መድኃኒቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምድጃው ክፍት ከሆነ ይከለል። ጕድጓድ ቢኖር ክዳን ይበጅለት። መጸዳጃው ከቤት ውጭ ስለሚሆን በጨለማ የሚወጣ ሽማግሌ ይወድቃል፤ ማታ መብራት ከአጠገብ ይኑር፤ ካልሆነም በማታ የሚገለገሉበት ዕቃ ከመደቡ ሥር ይቀመጥላቸው። የአባይ ገደል ቅርብ በሆነበት አገር መንገድ ጠፍቶት የሚሄድ ሰው ነገሩ የሞት ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ፥ እረኛው ሳይቀር፥ «አባባን ብቻቸውን ያየ ይመልስልን» ተብሎ ይነገረው። ይህ ማሳፈር አይደለም። በሽተኛውን በምሰሶ ማሰር ግን ነውርም ኀጢአትም ነው፤ ደዌውንም ያብሳል።

ሽማግሌው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተለወጠ እንደ ሆነ፥ የሌለ ነገር ማየት ቢጀምር ወይም ቢደነዝዝ፥ «ደዌው ገፋ» ብሎ ዝም ማለት አይገባም። የመርሳት ደዌ በዝግታ የሚሄድ ነው፤ ድንገት የሚመጣው ለውጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሳንባ ምች፥ የሽንት ቧንቧ ቍስለት፥ ወባ፥ የውሃ ማነስ ወይም የአዲስ መድኃኒት ውጤት ስለ ሆነ በቶሎ ይታከማል። በማታ የሚታወክ ሰውም ቢሆን ያለ ሐኪም ዲያዜፓም ወይም ሃሎፔሪዶል አይሰጠው። ዲያዜፓም ያንገዳግዳል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2005 እና በ2008 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉት መድኃኒቶች የመርሳት ደዌ ባላቸው አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚያበዙ አስጠንቅቋል። ብዙ ጊዜ የሚያውካቸው ሕመም፥ ረኃብ፥ የሽንት መያዝ ወይም ፍርሃት ነው፤ እርሱን መፈለግ ይቀድማል።

አነጋገርም ከመድኃኒት ይቈጠራል። እማሆይ መድኃኒቱን እንቢ ባሉ ጊዜ ክርክር አይጠቅምም። «እማሆይ፥ ቡናው ደርሷል፤ እስኪ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ» ብሎ አስቀምጦ፥ ከቍርሱ ጋራ ማቅረብ ይሻላል፤ ካልሆነም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መሞከር ነው። ሲውጡ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ተኝተው አይዋጥም። ፍሬውን ፈጭቶ ወይም በምግብ ደብቆ መስጠት ሳይጠየቅ አይደረግ፤ ሲፈጭ ኀይሉ በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ መድኃኒት አለና። የሞተ ባላቸውን «የት ሄዱ» ብለው ሲጠይቁም በየቀኑ መርዶ መንገር ጭካኔ ነው፤ ስለ እርሳቸው መልካም ነገር አንሥቶ ማጫወት ይበቃል።

ስለ መንገድም አንድ ቃል እንጨምር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበት ጊዜ መኖሩን ሁሉም ያውቃል። ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፥ መንገድ በተዘጋ ቀን ከውጭ አገር አትሻልም። ስለዚህ መድኃኒቱ አልቆ ሳይሆን ቢያንስ የአንድ ወር ሲቀር ይላክ። ጨርሶ ሊቋረጥ የሚችል መስሎ ከታየም፥ አስቀድሞ ሐኪም እንዴት እንደሚቀነስ ያመልክት፤ በድንገት የተቋረጠ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊደክም ይችላልና።

በመዝገብ ቤት ሥራችን ደግሞ የምናየው ነገር አለ። አባት ከሞቱ በኋላ ወንድማማች በኑዛዜ ሲካሰሱ፥ «አእምሯቸው ሳይኖር አስፈረሙዋቸው» የሚለው ክርክር ተደጋግሞ ይቀርባል። አባት ገና ነገሩን በሚያስተውሉበት ጊዜ፥ ልጆች ሁሉ ባሉበት፥ ፈቃዳቸውን ቢናገሩ ብዙ ጠብ ይቀራል። ደዌው ከጸና በኋላም ንብረታቸውን የሚያባክን ሰው ቢነሣ፥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በፍርድ ቤት አማካይነት ጠባቂ የሚሾምበትን መንገድ ሰጥቷል። ልጅ በራሱ ሥልጣን የአባቱን አውራ ጣት ይዞ ወረቀት ላይ ቢያሳርፍ ግን አባቱን አልረዳም።

በመጨረሻ ስለ አስታማሚዋ እንናገር። በብዙ ቤት ይህን ሁሉ የምትሸከመው አንዲት ሴት ናት፤ ወይም ሳታገባ የቀረች ልጅ፥ ወይም ምራት። ሌሊት ትነሣለች፤ ያጥባል እጇ፤ ስድብም ትሰማለች፤ በዓመት በዓል ከከተማ የመጣው ወንድም ግን «እናቴ ለምን ከሱ» ብሎ ይቈጣታል። ይህ ፍርድ አይደለም። ገንዘብ የሚልክ ልጅ ከገንዘቡ ጋራ ዕረፍቷንም ያስብላት፤ ወንድምና እኅት ተራ ይግቡ፤ በዓመት ጥቂት ሳምንት እናቱን ወደ ራሱ የሚወስድ ወይም ራሱ ሄዶ የሚያስታምም ይኑር። ከሚልከውም እሽግ ጋራ አራት ነገር ጽፎ ይላክ፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፥ የሚሰጥበትን ሰዓት፥ የሚያሠጉትን ምልክቶች፥ አደጋ ሲመጣ የሚጠራውን ሐኪም። ወረቀቱም ለአስታማሚዋ በቃል ይነበብላት፤ እርሷም መልሳ ትንገረን። መልሳ የነገረችን ጊዜ መድኃኒቱ በእርግጥ ደረሰ እንላለን።